ጌታቸው ኃይሌ ዝርዝር ጸሐፊ ብቻ ነበሩ? ለአንድ ተዘዋዋሪ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። ስድብ የለበትም፤ አማርኛውም ያምራል። ብዙ ሰው ሳይጨርሰው የሚያጋራውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ዳር እስከ ዳር አነበብኩት። አብዛኛው ክርክር ውኃ አይቋጥርም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጌታቸው የመጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጁ እንጂ ታሪክ አልጻፉም፤ የታሪክ ተመራማሪ መባላቸው ያለ ቦታው ነው ይላሉ። ቀጥለው፣ የሠሩበት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት የገዳሞቻችንን ሀብት ለአሜሪካ አሳልፎ የሰጠ ነው ይላሉ። ሦስተኛ ነጥባቸው፣ ሰውየው አገር ጥለው ሄደው ከሚኒሶታ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ጻፉ የሚል ነው። አራተኛው፣ የተሰደዱትን መነኮሳት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ ቀስቅሰው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን አዋረዱ የሚል ነው። በመጨረሻም፣ ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ ስለሚታይ ያ ሁሉ ካታሎግ ጊዜው አልፎበታል ሲሉ ይደመድማሉ።

እኔ በእሳቸው ቅደም ተከተል አልሄድም። ከሦስተኛው እጀምራለሁ። የሰውየውን ሕይወት ሳያውቁ ስለ ሥራቸው መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጌታቸው በ1931 ሸዋ ውስጥ ሸንኮራ ተወለዱ። ካይሮ ሄደው ተማሩ። በ1957 ከኮፕት ቤተ ክርስቲያን የነገረ መለኮት ኮሌጅና ከካይሮው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዲግሪ ይዘው ወጡ። ከዚያ ጀርመን ቱቢንገን ገብተው በ1962 በሴም ቋንቋዎች ጥናት ዶክትሬታቸውን ጨረሱ። ታዲያ አውሮፓ መቅረት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ያገኛል? ጌታቸው ግን ተመለሱ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝና አማርኛ ሲያስተምሩ ቆዩ። አብዮቱ ሲመጣ የምክር ቤት አባል ሆኑ፤ ደርግንም ፊት ለፊት ተቹ።

በጥቅምት 1975 ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጡባቸው። ተኩስ ተከፈተ። ጥይት አከርካሪያቸውን መታው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በእግራቸው አልቆሙም። ለሕክምና ከአገር ወጡ፤ በ1976 ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ የብራና መጻሕፍት ቤተ መዛግብት ገቡ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ስማቸው ከዚያ ቤት ጋር ተያይዞ ኖረ። ይህ አገር ጥሎ መሄድ ከተባለ፣ በጥይት የተመታ ሰው ሁሉ ራሱ ጥይቱን ፈልጎ ነው ማለታችን ነው። ጸሐፊው በጽሑፋቸው ስለ 1975 አንድም ቃል አልተነፈሱም። ይህን ሳያውቁ ቀርተው ከሆነ ይቅር ይባላል፤ አውቀው ከሆነ ግን አንባቢያቸውን በድለዋል።

ርቀት ዋጋ አለው የሚሉት ግን ልክ ነው። ብራናውን በእጅ መዳሰስና በፊልም ማየት አይመሳሰልም። የኢትዮጵያ ጸሐፊ የቅዱሳንን ስምና የክፍሎችን መነሻ በቀይ ቀለም ይጽፋል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ያ ቀይ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የተፋቀ ብራና፣ የተሰፋ ቀዳዳ፣ በጣት ብዛት የጠቆረ ጠርዝ፣ እነዚህን ፊልም በደንብ አይነግርህም። ይሁን እንጂ ፊልሙ አንድ ነገር አምጥቷል። አዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ የወሎውን ሐይቅ ገዳም መጽሐፍና የጎጃምን መጽሐፍ ጎን ለጎን ዘርግቶ ማስተያየት አይችልም ነበር። መጻሕፍቱ ከየገዳማቸው አይወጡማ። መውጣትም የለባቸውም።

ይህ ወደ ሁለተኛው ክስ ይወስደናል። በጽሑፉ ውስጥ ብዙ ሰው ያስቆጣውም ይኸው ነው።

ቁጣው ከምን እንደመጣ ይገባኛል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ተጋዙ፤ ዛሬም ለንደን ናቸው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸው ፓሪስ ናቸው። ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ቡድን ከጎንደር አካባቢ ብዙ መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይዞ ሄደ። በዚህ ሁሉ የተቃጠለ ሰው ፈረንጅና ብራና በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲሰማ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ነገር ግን መቅደላና ማይክሮፊልም አንድ አይደሉም። ፕሮጀክቱ በ1973 የተጀመረው በቤተ ክህነቱ ስምምነት ነው። ከውጭ በኩል የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ሃረልሰንና የኮሌጅቪሉ ቤተ መዛግብት ነበሩበት። አሠራሩ ቀላል ነው። መጽሐፉ ይመጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ፊትና ጀርባው እየተገለጠ ፎቶ ይነሳል፣ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ አንድ ቅጂ ኮሌጅቪል ሄደ። በዚህ መንገድ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሱ። ብራናው ግን ከአገር አልወጣም። የቤትህን ካርታ ኮፒ ያደረገ ሰው ቤቴን ወሰደብኝ አይባልም።

ደግሞም ጌታቸው ኮሌጅቪል የደረሱት ፕሮጀክቱ ከተጀመረ 3 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አሳልፈው ሰጡ የተባለውን ነገር ሲደርሱ አገኙት። እንግዲህ የጊዜ ቅደም ተከተሉም ከክሱ ጋር አይሄድም።

እንዲያውም ነገሩን ገልብጠን እንየው። የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ ከየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይሰረቃሉ፣ በነጋዴ እጅ ይሸጣሉ፣ ባሕር ማዶ ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ ይህ መጽሐፍ የማን ነበር ለሚለው ጥያቄ ምን መልስ አለ? በዓመተ ምሕረትና በቦታ የተመዘገበ ፊልም ካለ ክርክሩ በአጭሩ ያልቃል። ፊልም ከሌለ የባለቤትነት ማስረጃው የሽማግሌ ቃል ብቻ ይሆናል፤ ሻጩ ደግሞ ደረሰኝ አያጣም። በ2016 የአሜሪካው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በእጁ የነበረን አንድ የብራና መጽሐፍ ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል። መጽሐፍ ሊመለስ የሚችለው የማን እንደነበረ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ የዘረፋ ጠላት የሆነ ሰው የምዝገባ ወዳጅ መሆን ነበረበት። ጸሐፊው ግን ሁለቱንም በአንድ ላይ ይቃወማሉ፤ ይህ እንዴት እንደሚሆን አልገባኝም።

አንድ ነገር ግን ልቀበል። ፊልሙን ማን ይቆጣጠራል፣ ገዳሙስ ቅጂው የት የት እንዳለ ያውቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ያንን ጥያቄ ብቻ ቢጽፉ ኖሮ እኔም አጋራው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መጀመሪያው ክስ። ዝርዝር መሥራት ታሪክ መጻፍ አይደለም የሚለው።

ይህ ክስ የተመሠረተው በአንድ አስተሳሰብ ላይ ነው። መዝገብ ማለት ቢሮ ውስጥ ያለ ፋይል ነው፤ ቁጥር፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት። ታሪክ ተመራማሪ ያንን ይከፍታል። ገድልና ድርሳን ግን የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው። ጸሐፊው በግልጽ ባይሉትም ከእያንዳንዱ አንቀጽ ሥር ያለው ይኸው ነው።

ችግሩ የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ቢሮ አልነበራትም። ንጉሡ ከድንኳን ድንኳን ይዘዋወራል። ርስትና ጉልት ሲሰጥ ታዲያ የት ይጻፋል? ወንጌል ላይ። ማንም ሊነካው በማይደፍረው መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ። እገሌ የሚባል ንጉሥ፣ እገሌ የሚባል ጳጳስ ባለበት ዘመን፣ ይህ መሬት ለዚህ ገዳም ተሰጠ፤ እነ እገሌ ምስክር ነበሩ። በስተመጨረሻ ግዝቱ ይመጣል፦ ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን፤ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ማኅተሙም ፊርማውም ያ ነው። የአገሪቱ ቤተ መዛግብት በአንድ ሕንፃ ውስጥ አልተከማቸም፤ በሺህ በሚቆጠሩ ዕቃ ቤቶች፣ በጸሎት መጻሕፍት ጠርዝ ላይ ተበትኖ ኖረ።

እንግዲህ ካታሎግ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚሠራ በቅርብ እንይ። አንድ መጽሐፍ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁመቱና ወርዱ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ በገጹ ስንት ዓምድ እንዳለ ይጻፋል። እስከዚህ ማንም ይሠራዋል። ከዚያ ግን መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበባል። የእያንዳንዱ ክፍል መነሻ ቃል ይቀዳል። የፊደሉ ቅርጽ ይታያል፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን እጅና የጎንደር ዘመን እጅ አይመሳሰሉምና። በጸሎቱ መጨረሻ የባለቤቱ ስም ይፈለጋል። ስሙ ብዙ ጊዜ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተጽፎበት ይገኛል። መጽሐፉን የገዛው፣ የወረሰው ወይም የቀማው ሰው ፍቆት ነው። የግዝቱን ቃል እያነበበ የሚፍቅ ሰው ድፍረት ይገርመኛል፤ ግን ያ ፍቅፋቂም ታሪክ ነው። በኅዳጉ የመሬት ስጦታ፣ የዕቃ ቤት ቆጠራ፣ የረሃብ ወይም የጦርነት ማስታወሻ ካለ ሁሉም ይመዘገባል። የንጉሥና የጳጳስ ስም ካለ ዘመኑ ይሰላል። ከሌለ በፊደሉ ይገመታል፤ ግምቱም ግምት ተብሎ ይጻፋል።

ይህን ለአንድ መጽሐፍ መሥራት የሚያኮራ ሥራ ነው። የኮሌጅቪሉ ካታሎግ 10 ጥራዝ ሲሆን 5,000 ቁጥር ድረስ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን 3 ጥራዞች የሠሩት ዊልያም ማኮምበር ናቸው። ከ4ኛው ጀምሮ የጌታቸው ስም ይገባል፤ አንዳንዱን ብቻቸውን፣ አንዳንዱን ከማኮምበር ጋር አዘጋጅተዋል። 10ኛው በ1993 ታተመ። እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነጥብ እሰጣለሁ። በማኅበራዊ ሚዲያ ሁሉንም ብቻቸውን ሠሩት የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ስሕተት ነው፤ ጸሐፊው ይህን ማረማቸው ደግ አደረጉ።

ግን ከዝርዝሩ ታሪክ አልወጣም ማለት? 1763 የሚል ቁጥር የተሰጠውን መጽሐፍ እንውሰድ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ትልቅ የድርሳናት ስብስብ። ከውጭ ሲታይ ድርሳን ነው፤ ዕቃ ቤት ያለ ሰው ቢጠየቅም ከዚያ በላይ ላይል ይችላል። ጌታቸው ቅጠል በቅጠል ሲሄዱ ከ84ኛው ቅጠል ጀርባ እስከ 86ኛው ቅጠል ፊት ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ማለትም ስለ ፍሬምናጦስ የተደረሰ ድርሳን አገኙ። ከሁለት ቅጠል የማይበልጥ ነገር ነው። በ1979 ከነትርጉሙና ከነሐተታው አሳተሙት። ስለ አክሱም የመጀመሪያ ጳጳስ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ምን ትል እንደነበር የምናይበት ምንጭ ነው። ማን ያገኘዋል? መላውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ብቻ። መላውን መጽሐፍ የሚያነበው ደግሞ ካታሎግ የሚሠራ ሰው ነው።

እዚያው የካታሎግ ጥራዝ ውስጥ 1832 የሚል ቁጥር ያለው መጽሐፍ አለ፤ የገዳሙ አበምኔት ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለሐይቅ የሰጡት ወንጌል። የራሳቸው ሥዕልም አለበት። ስለ ሐይቅ የድሮ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ወንጌል ሳይነካ አያልፍም።

በ1981 ደግሞ ጌታቸው ከዳሞት ገበያ እስከ በራራ ገበያ ስለነበረው የባሪያ ንግድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ዛሬ የመካከለኛው ዘመኗ ከተማ በራራ የት ነበረች እያልን በየሚዲያው እንናቆራለን። ሰውየው ግን ያኔ የሚጠይቁት ሌላ ነበር፤ እዚያ ገበያ ላይ ማን ተሸጠ? ይህ ታሪክ መጻፍ ካልሆነ ታሪክ የሚባለው ምን እንደሆነ ጸሐፊው ይንገሩን።

ከዚሁ ጋር ለሚነሳው፣ ገድል ተረት ነው ለሚለው ሐሳብ ብዙ አልልም። የታሪክ ተመራማሪው ታደሰ ታምራት በ1972 የታተመውን ትልቁን መጽሐፋቸውን፣ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ፣ ገድላትን ትተው ሊጽፉት አይችሉም ነበር። ተአምሩን ማመን አይጠበቅብህም። የቦታ ስም፣ የሹም ስም፣ የጸብ ምክንያት፣ የግብር ዓይነት ግን የገድሉ ጸሐፊ ሳያስበው ይነግርሃል። ሊዋሽ የተነሳ ሰው እንኳ የመንደሩን ስም አያሳስትም።

አራተኛው ክስ ላይ ጸሐፊው ስሜታቸው ትንሽ ያሸነፋቸው ይመስለኛል። ደቂቀ እስጢፋኖስ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአባ እስጢፋኖስ የተመሠረተ የመነኮሳት እንቅስቃሴ ነው፤ ማዕከሉ በኋላ አጋሜ ውስጥ ጉንዳ ጉንዶ ሆነ። ለሥላሴ ብቻ እንሰግዳለን ብለው ለንጉሥ መስገድን እምቢ አሉ። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዘርዓ ያዕቆብ ክፉኛ ቀጣቸው። ጌታቸው ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው «በሕግ አምላክ» በሚል ርዕስ አሳተሙት። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ጌታቸው ለመናፍቅ ወግነው ንጉሡን አዋረዱ ይላሉ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። የዘርዓ ያዕቆብን የራሱን ድርሰት ለዓለም ያቀረበው ማን ነው? በ1991 «ጦማረ ትስብእት»ን ከግዕዙ አስተካክለው ከነትርጉሙ ያሳተሙት ጌታቸው ናቸው። በ1992 ደግሞ ንጉሡ ስለ እመቤታችን ያስተማረውን ሰብስበው አንድ መጽሐፍ አወጡ። ንጉሡን ለማዋረድ የተነሳ ሰው የንጉሡን ቃል በንጉሡ አንደበት ለማስነበብ ዓመታት ይፈጃል? የተገራፊውንም የገራፊውንም ጽሑፍ አውጥተው ፊት ለፊት አስቀመጡልን። ፍርዱ የአንባቢ ነው። ደግሞ ጌታቸው ይህን ከመቃብር አላወጡትም፤ ታደሰ ታምራት በ1966 ስለ እንቅስቃሴው ጽፈው ነበር። ይህን ጸሐፊው ቢያነሱ ኖሮ የራሳቸውን ክስ ያፈርስባቸው ነበር።

በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ። አባ እስጢፋኖስን የኛ ሉተር የሚሉ ሰዎች ነገሩን አበላሽተውታል። የፕሮቴስታንቱ መሪ ሉተር ምንኩስናን ያፈረሰ ሰው ነው። እስጢፋኖስ ደግሞ መነኮሳቱ በቂ አልመነኑም ብሎ የተነሳ መነኩሴ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት መሞከር ሁለቱንም አለማወቅ ነው። የጌታቸውም መግቢያ ለተሰደዱት እንደሚያዝን አይደብቅም። ማዘን ግን ማጭበርበር አይደለም። ግዕዙ አለ፤ የተዛባ ነገር ካለ ጸሐፊው መስመሩን ጠቅሰው ያሳዩን።

የመጨረሻው ክስ ቀላል ነው። እውነት ነው፣ የፊልሙ ብዙው ክፍል ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ተጭኗል፤ በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል። ግን ገብተህ ምን ብለህ ትፈልጋለህ? ሥዕል ራሱን አያስተዋውቅም። የፍሬምናጦስ ድርሳን ብለህ ጽፈህ 1763 ከወጣልህ፣ አንድ ሰው ቀድሞ አንብቦ እዚያ ገጽ ላይ እንዳለ ስለጻፈልህ ነው። ካታሎጉ አላረጀም፤ ወደ ስልክህ ገባ እንጂ።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ሌላ ቦታ አለ፤ የሚያሳዝነው በአንድ መስመር ብቻ አልፈውታል። ጥራዞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ዋናው የአገሬው አንባቢ፣ መጽሐፉ የተነሳበት ገዳም መሪጌታ፣ ሊያነባቸው አይችልም። ፊልም የማንሳቱም ሥራ በአብዛኛው ሸዋን፣ ወሎንና ጎጃምን ነው ያዳረሰው፤ ትግራይና ኤርትራ በጊዜው ጦርነት ምክንያት በአብዛኛው ቀሩ። ከተነሳውም ውስጥ ቁጥሩ ከ5,000 በላይ የሆነው በታተሙት 10 ጥራዞች ውስጥ የለም። በዚህ ላይ ጸሐፊው ቢቆጡ አብሬያቸው እቆጣለሁ፤ የሚቆጡት ግን ግማሹን ሠርቶ በሄደው ሰው ላይ ሊሆን አይገባም።